በአባት ቤት ላይ ክፍል ለመጨመር ማንን እናስፈቅድ?

 

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከወትሮው ለየት ይላል። ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም ሳይሆን ስለ ቤት ነው። ነገር ግን የጎረቤት ሐቅ፣ የወላጅ ሐቅና የሕዝብ ሐቅ አንድ ላይ የተገናኙበት ነገር ስለሆነ ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምኖረው ሰሜን ሸዋ፣ ደነባ ነው። መስጊዳችን ውስጥ ኢማማችንን አግዛለሁ፣ ልጆችም አስቀራለሁ። ወጣት ሳለሁ ለቂርአት ሐረር ሄጄ ጀጎል ግንብ ውስጥ የተወሰኑ ዓመታት ተቀምጫለሁ። ያኔ አንዲት እናት ደረሳ ነው ብለው እንደ ልጃቸው ያበሉኝ ነበር። ባለፈው የረጀብ ወር የእኚህ እናት ልጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ።

«ኡስታዝ፣ ኢንሻአላህ ሸዋል ላይ ኒካሕ ላስር ነው» አለኝ። «ቤታችን ለሁለት ትዳር አይበቃም። ግቢው ላይ በብሎኬት ባለ አንድ ፎቅ ልሠራ ብዬ ነበር። እናቴ እምቢ አለች። ጎረቤታችን ‹ፎቅ ካወጣህ እከስሃለሁ› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹ጀጎል ውስጥ ያለ ፈቃድ ድንጋይ ማንቀሳቀስ አይቻልም› ይላል። የገዛ አባቴ ቤት አይደለም እንዴ? እስኪ አንተ ፍረደን።»

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፣ መሐንዲስም አይደለሁም። ግን የበላሁበት ቤት ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም። ሸይኾቼን ጠየቅኩ፣ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ግንበኛ ወዳጄን አማከርኩ፣ አዋጁንም ፈልጌ አነበብኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል።

*ቤቱ ምን ዓይነት ቤት ነው?*

የጀጎልን ቤት ላላያችሁ ልንገራችሁ። ከጠባቡ መንገድ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ግድግዳና በር ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ግቢ ይገኛል፤ ከግቢው ወደ ዋናው ቤት ይገባል። በዋናው ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ቀይ መደቦች አሉ። ለአባወራው፣ ለእንግዳው፣ ለቤተሰቡ፣ ለእያንዳንዱ ቦታው የታወቀ ነው። የከተማው ሰው የመደቡን ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላል። ከዋናው ክፍል ጎን ኪርታት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽሮች የጫጉላ ቀናቸውን የሚያሳልፉባት ናት።

እናቲቱ ስልክ ስደውልላቸው መጀመሪያ የነገሩኝ ይህንኑ ነው። «ልጄ፣ እኔ በዚች ኪርታት ነው የተሞሸርኩት። እሱም ይሞሸርባት። ነደባውን ግን የሚነካ ሰው አይምጣብኝ» አሉ። ልጁ ደግሞ ይመልሳል፦ «ኪርታት ለጫጉላ ትበቃለች፤ ከዚያ በኋላ ላለው ዕድሜስ?»

ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

ጀጎልን ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። በመዝገቡ ላይ 82 መስጊዶች መኖራቸው፣ ከእነሱም ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ መሆናቸው፣ 102 የዚያራ ቦታዎችም እንዳሉ ተጽፏል። የመኖሪያ ቤቶቹ አሠራርና የውስጥ አደረጃጀታቸው የከተማዋ ልዩ ቅርስ ተብሎ ተቆጥሯል። ስለዚህ ያ ልጅ ቤቱ ላይ ሲጨምር የዓለም ቅርስ በሆነ ከተማ ላይ እየጨመረ ነው።

*መጨመር ራሱ ነውር ነው?*

አይደለም። ከተማዋ ራሷ ምስክር ናት። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ወደ ሐረር የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ በረንዳ ያለው ባለ ሁለት ደርብ ቤት ይዘው መጡ። የሐረር ሰው ቤቱን አየ፣ የወደደውን ወሰደ፤ የነባሩንና የሕንዱን ቤት አሠራር ያዋሐደ ሦስተኛ ዓይነት ቤት ተወለደ። ዛሬ ሦስቱም ቅርስ ናቸው። ትናንት ጭማሪ የነበረው ዛሬ ይጠበቃል።

ታዲያ «ቅርስ ነውና ምንም አይነካም» የሚለው ሰው የከተማዋን ታሪክ አላየም። «ቤቴ ነውና እንደፈለግኩ እሠራለሁ» የሚለውም አላየም። የድሮዎቹ ጨማሪዎች የጎረቤታቸውን፣ የመንገዱንና የቁሳቁሱን ነገር አውቀው ነው የጨመሩት። ክርክሩ መሆን ያለበት አጨማመሩ ላይ ነው።

*ሕጉ ምን ይላል?*

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱን ግን በራሱ ወጪ እንዲንከባከበው ያስገድደዋል፤ የጥገናና የእድሳት ሥራም አስቀድሞ በባለሥልጣኑ ሳይፈቀድ እንዳይሠራ ይከለክላል። የሕንፃ ሕጉ ደግሞ በሚመለከታቸው ከተሞች አዲስ ለሚገነባ ብቻ ሳይሆን ያለውን ሕንፃ ለሚለውጥም የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ በጥብቅ ቦታ ላይ ያለ ቤት ሁለት በር አለው፦ አንዱ የቅርስ፣ ሌላው የግንባታ። አንዱ ብቻ ከፈቀደ በቂ አይደለም።

ብዙ ሰው ዩኔስኮ ፈቃድ ሰጪ ይመስለዋል። አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚከለክለው የአገሩ ሕግ ነው። ዩኔስኮ የሚያደርገው ቅርሱ ሲበላሽ ማስጠንቀቅ፣ ከባሰም ከመዝገብ መሰረዝ ነው። የጀርመኗ የድሬስደን ሸለቆ በአንድ ድልድይ ግንባታ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2009 ተሰርዛለች። የእንግሊዟ ሊቨርፑልም በወደብ ዳርቻዋ በተሠሩና በታቀዱ አዳዲስ ግንባታዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2021 ተሰርዛለች። ሀብታም አገርም ቢሆን አልተማረም።

*ፊቅሁስ?*

እዚህ ላይ ለወንድማችን የነገርኩትን አንድ ታሪክ ልድገምላችሁ። የግብፅ ፉስጣጥ አዲስ ከተማ ሆና ስትቆረቆር ኻሪጃ ኢብን ሁዛፋ የተባለ ሰው በቤቱ ላይ ደርብ ሠራ። በግብፅ ሙስሊሞች ዘንድ የመጀመሪያው ደርብ ነው ይባላል። ወሬው መዲና ኸሊፋው ዑመር ረዲየላሁ ዐንሁ ዘንድ ደረሰ። ኻሪጃ የጎረቤቶቹን ጉድ ሊያይ ነው የሚል ስጋት ነበር። ዑመር ለአገረ ገዥው ለዐምር ኢብኑል ዓስ ጻፉ፦ ወደ ክፍሉ ግባ፣ አልጋ አስቀምጥ፣ በጣም ረጅምም በጣም አጭርም ያልሆነ ሰው አልጋው ላይ ይቁም፤ በመስኮቱ ወደ ጎረቤት ማየት ከቻለ ደርቡ ይፍረስ። ዐምር እንደታዘዘው አደረገ። የቆመው ሰው መስኮቱ ላይ አልደረሰም። ደርቡ ጸደቀ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ አሰብኩት። ኸሊፋው «ፎቅ ክልክል ነው» አላሉም። «የሰው ቤት ነው፣ ተዉት» ብለውም አላለፉም። መለኪያ ሰጡ። መለኪያው ማንም የሚረዳው ነው፤ አልጋና መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው በቃ። ፍርዱም ቦታው ላይ ተሄዶ፣ ታይቶ ነው የተሰጠው። ሐብታሙም ድሃውም በዚያው አልጋ ይለካል።

ሌላም አለ። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ጎረቤት ጎረቤቱ በግድግዳው ላይ እንጨት እንዳያስገባ እንዳይከለክል አዘዋል፤ ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ አለ። ራስንም ሌላውንም አለመጉዳት ደግሞ የታወቀ የሸሪዓ መሠረት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነባቸው ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ጎረቤትህ ሲቸገር ምንም የማይጎዳህን ነገር አትከልክለው፤ አንተም ስትሠራ ጎረቤትህን አትጉዳ። ያ «እከስሃለሁ» ያለው ጎረቤት ፎቁን የሚቃወመው ሚስቱና ልጆቹ በግቢያቸው እንደልብ እንዳይሆኑ ስለሚያደርግ ከሆነ ሐቅ አለው። ሌላው ስለሠራ ብቻ ከከፋው ግን ሐቅ የለውም።

ሦስተኛው የካዕባ ታሪክ ነው። ቁረይሾች ካዕባን ሲያድሱ ገንዘብ አጥሯቸው ከኢብራሂም መሠረት አሳጥረው ሠሩት። ነቢያችን ይህን ለዓኢሻ ነገሯት፤ ሕዝቧ ከጃሂሊያ ገና የወጣ ባይሆን ኖሮ ወደ ጥንት መሠረቱ እመልሰው ነበር የሚል ሐሳብ አጫወቷት። የሰው ልብ እንዳይሸፍት ብለው ተዉት። በኋላ ኢብኑ ዙበይር አሰፉት፤ ሐጃጅ መልሶ አጠበበው። ከዐባሲ ኸሊፋዎች አንዱ እንደገና ሊቀይረው አስቦ ኢማም ማሊክን ቢያማክር ኢማሙ ካዕባ የነገሥታት መጫወቻ እንዳይሆን ሰግተው ይተው አሉት። የመጣ ሁሉ የሚያፈርሰውና የሚሠራው ነገር ክብሩ ከሰው ልብ ይወጣል።

ለወንድሜም «የእናትህ ልብ በነደባው ላይ አለ፤ እሱን አትንካ» ያልኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው።

*ግንበኛው ያስተማረኝ*

የደብረ ብርሃኑ ግንበኛ ወዳጄ ሐረር ሄዶ አያውቅም፤ የድንጋይና የጭቃ ቤት ግን ያውቃል። በድንጋይና በጭቃ ምርጊት የተሠራ ግድግዳ ይተነፍሳል አለኝ፤ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል። ሰው መስሎት ለማጠንከር በሲሚንቶ ሲለስነው እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ከውስጥ ጭቃው ይላላል፣ ኋላ ግድግዳው ይሆዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ የሚስማማው ጭቃና ኖራ ነው።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ለአንድ ደርብ የተሠራ የጭቃ ግድግዳ ላይ የብሎኬትና የፌሮ ፎቅ መጫን ወይም አጠገቡ ጥልቅ መሠረት መቆፈር የአባትን ቤት ብቻ ሳይሆን ተጣብቆ የቆመውን የጎረቤትንም ቤት ያሰነጥቃል። ጀጎል ውስጥ ቤቶች ጎን ለጎን ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው።

ሦስተኛው ውኃ ነው። አዲስ ክፍል ሲጨመር መታጠቢያና ሽንት ቤት አብሮ ይመጣል። የፍሳሹ መስመር ከአሮጌው መሠረት ካልራቀ ቤቱን ከሥሩ ይበላዋል። «ሰው ስለ ፎቁ ይጣላል፣ ቤቱን የሚገድለው ግን ቱቦው ነው» አለኝ።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ፈቃድ ለምን እንደሚያስፈልግ ከማንኛውም አዋጅ በላይ አስረዱኝ። ፈቃድ ማለት ከመሥራትህ በፊት የሚያውቅ ሰው አይቶልህ መጀመር ነው።

*ግን ፈቃድ ሰጪውም ይጠየቃል*

እስካሁን ለባለቤቱ ነው የመከርኩት። አሁን ወደ ሌላው ወገን ልዙር፤ ሚዛን ካልሆነ ፍርድ አይሆንም።

አንድ ወጣት ሊያገባ ነው። በብሎኬት ቢሠራ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። በድንጋይ፣ በጭቃና በኖራ፣ ነባሩን አሠራር በሚያውቅ ባለሙያ ሲሆን ግን ወጪውም ጊዜውም ይጨምራል። ይህን ትርፍ ወጪ የሚጠይቀው የሕዝብ ጥቅም ነው፤ የሚከፍለው ግን አንድ ቤተሰብ ነው። አዋጅ 209 ራሱ ይህን አስቦ የጥበቃና የእድሳት ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው ከፊሉን በመሸፈን ጭምር ሊረዳ እንደሚችል ይፈቅዳል። «ሊረዳ ይችላል» ከሚለው ወደ «ረዳ» መድረስ አለበት። ቤተሰብም ይህ በሕግ የተጻፈ መሆኑን አውቆ ማመልከቻው ላይ መጥቀስ ይገባዋል።

የፍትሕም ጥያቄ አለ። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ ለልማት ሲፈርስ ስለ አሮጌዎቹ ቤቶች ብዙ ክርክር ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በአንዱም ወገን ሆናችሁ አስቡት፣ ተራው ሰው የሚያየው ነገር አለ፦ ለአንድ ክፍል ፈቃድ የሚመላለስ ሰው ትልቅ ማሽን ሰፈር ሲያነሣ ካየ «ሕጉ ለእኔ ብቻ ነው» ይላል። ያን ያለ ቀን ሌሊት መሥራት ይጀምራል። የዑመር አልጋ ለሁሉም አንድ ነበር።

መልሱም ሊዘገይ አይገባም። ክፍል የሚጨምር ሰው የሚጨምረው ሰው ስለተጨመረ ነው፤ ሙሽራ፣ ልጅ፣ የታመመ ወላጅ። «አይቻልም» የሚባል ከሆነ «ታዲያ ምን ይቻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አብሮ መምጣት አለበት፦ ስንት ሜትር ከፍታ፣ ከመንገድ የሚታይ ወይስ የማይታይ፣ በምን ቁሳቁስ፣ መስኮቱ ወደ የት። ይህ ተጽፎ በየቀበሌው ቢለጠፍ፣ ለትንንሽ ጭማሪዎች የተዘጋጀ ናሙና ፕላን ቢኖር፣ ድሃው ለፕላን ሥራ ብቻ ገንዘቡን ባልጨረሰ ነበር።

ምክንያቱም ወጣቱ መልስ ሲያጣ ከግንቡ ውጭ ይከራያል። እናት ብቻዋን ትቀራለች። እናት ስትሞት ቤቱ ይዘጋል። በእነዚያ ቤቶች ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ሽማግሌ ደረሳ ሳለሁ ሲናገር የሰማሁት ከልቤ አልወጣም፦ ጭስ የማይወጣበት ቤት ሁለት ክረምት አይሻገርም። ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይ፣ ኖራ የሚቀባ፣ ነደባውን የሚወለውል ሰው ከሌለ ቅርሱ ያለማንም መዶሻ ይፈርሳል። የታሪካዊ ቤት አንደኛ ጠባቂው በውስጡ የሚኖረው ቤተሰብ ነው። ቤቱን ለመጠበቅ ቤተሰቡን የሚያስወጣ ሕግ ሁለቱንም ያጣል።

*እንዴት ተስማሙ?*

አልሐምዱሊላህ፣ ከሦስት ሳምንት ስልክ በኋላ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ተወ። ልጁ ፎቁን ተወ። እናቲቱ በግቢው ጥግ ያለው፣ ማገዶ የሚቀመጥበት ያረጀ የማድቤት ቦታ ለአዲስ ክፍል እንዲሆን ፈቀዱ፤ ዋናው ቤት፣ ነደባውና ኪርታቷ ሳይነኩ። ክፍሉ ምድር ቤት ብቻ፣ ከግቢው ግንብ ያልበለጠ፣ መስኮቱም ወደ ራሳቸው ግቢ የሚያይ ነው። ጎረቤቱ ይህን ሲሰማ «እንዲህ ከሆነማ ድንጋይ በማቀበል አግዘዋለሁ» አለ። የቱቦውን መስመር አብረው ለመዘርጋት እንኳ ተነጋገሩ።

ፕላኑ በባለሙያ ተሠርቶ ማመልከቻው ገብቷል፤ ይህን ስጽፍ መልሱን እየጠበቁ ነው። ሰርጉ በሸዋል ተደርጓል። ሙሽሮቹ ጫጉላቸውን በኪርታቷ አሳልፈው አሁን ከግንቡ ውጭ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። እናቲቱ ማታ ማታ ብቻቸውን ናቸው። ፈቃዱ ከኪራዩ ዘመን ቀድሞ ይድረስ ብላችሁ ዱዓ አድርጉላቸው።

*ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?*

«ይህ የሐረር ጉዳይ ነው፣ ሸዋን ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ የሐረርና የአርጎባ ነጋዴዎች የሚውሉባት ገበያ ነበረች። ዝምድናችን የቆየ ነው። የእኛም አካባቢ ባዶ አይደለም። በይፋት በኩል አስባሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉ የጥንት የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ በአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ተጠንቷል፤ የመስጊድ ግድግዳም ተገኝቷል። የጎዜ መስጊድ አለ። ወደ ከሚሴ አቅጣጫ የሾንኬ ሰዎች በድንጋይና በጭቃ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ቤቶችን ተራራው ላይ ደርድረዋል። ጀጎልን የሚጠብቃት መዝገብ አለ። በእኛ ዘንድ ግን ገና ያልተመዘገበ አሮጌ መስጊድና ቤት በየቀበሌው አለ፤ የሚፈርሰውም ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን «እናሳድሰው» በሚል በጎ ኒያ ነው።

ስለዚህ በየሰፈራችሁ አሮጌ መስጊድ ወይም የአባት ቤት ለማስፋት ስታስቡ አራት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ምንም ከመነካቱ በፊት ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሡት፣ ለኩት፣ ሽማግሌ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ጻፉ። ሁለተኛ፣ የወረዳችሁን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ማዘጋጃ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማመልከቻ ያስገባችሁበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያዙ። ሦስተኛ፣ ቦታ ካለ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ሥሩት፤ አሮጌው ላይ አትጫኑት። አራተኛ፣ ጎረቤትን ፕላኑ ሳይሣል በፊት አነጋግሩት፤ ከተሣለ በኋላ የሚሰማ ጎረቤት ተቃዋሚ ይሆናል፣ ቀድሞ የሰማ ግን ምስክር ይሆናል።

በቅርስና በግንባታ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶችም ይህን ካነበባችሁ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ካሉት ማመልከቻዎች አንዱን ነገ ጧት አንሡና ቦታው ድረስ ሂዱ። አልጋ አስቀምጡ፣ ሰው ይቁምበት፣ ለኩ፣ መልስ ስጡ።

ወላሁ አዕለም። ስህተት ያለበትን ብታርሙኝ ደስ ይለኛል፤ ይጠቅማል ያላችሁ ቤት ለሚሠሩ ወዳጆቻችሁ አካፍሉት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።